ልጆቻችን የሚሠሯቸው የጦር መኪናዎች

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ የጉማራን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ ሰፊውን የፎገራ ሜዳ እየከፈለ ወረታ ይደርሳል። በዚያም መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በርብ ድልድይ በኩል ወደ አዲስ ዘመንና ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወደ ወልድያ ይወጣል። ስለዚህ የወረታ ልጅ ፊደል ከመለየቱ አስቀድሞ መኪና ይለያል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከአጥር ውስጥ ሆኖ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሰምቶ፥ የሚመጣው ኢሱዙ ይሁን ወይም ሲኖትራክ፥ ጭነት የያዘ ይሁን ወይም ባዶ፥ ለታናሽ ወንድሙ ይነግረዋል።

ያየውንም ይሠራል። ለዚህ ሥራ ገበያ መውረድ አያስፈልገውም። ለአካሉ ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ ወይም የተጣለ የዘይት ጀሪካን፥ ለጎማው የለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ወይም ካረጀ ሸበጥ በክብ የተቆረጠ ላስቲክ፥ ጎማውን ለሚያያይዘው ዘንግ ቀጥ ያለ ሽቦ ይበቃዋል። ለመሪው ደግሞ ቁመቱ እስከ ደረቱ የሚደርስ ሽቦ ወይም አገዳ ከፊተኛው ዘንግ ጋር ያስርና፥ ቆሞ እየተራመደ መኪናውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይመራዋል። ሽቦ ያጣው ልጅ በክረምት ዋልካውን አቡክቶ ይሠራል። ዋልካ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ መሆኑን ስለሚያውቅም ገለባ ይቀላቅልበታል። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ ነገር ግን ይህ ልጅ ያቦካውን ጭቃ ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ሰው፥ መለካትን፥ ማመዛዘንን፥ መታገሥን ያለ መምህር የተማረበት ሰሌዳ ሆኖ ይታየዋል።

እኛም በዚህች ከተማ ስናስተምር ብዙ ዓመት ስለ ኖርን፥ የልጆቹን መኪና በማየት በዚያ ዓመት በመንገዱ ላይ ምን እንዳለፈ ለማወቅ እንችላለን። ባጃጅ በበዛ ጊዜ ባለ 3 እግር መኪና በዛ። የሩዝ ምርት በጨመረ ጊዜ የመኪናው ሁሉ ጭነት በጨርቅ ከረጢት የታሰረ ሩዝ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜን የተነሣው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ወደ ላይ ጋይንት ደርሶ፥ ነፋስ መውጫን ያህል ከተማ በያዘ ጊዜ ግን በልጆቻችን መኪና ላይ ሌላ ነገር ታየ። ያ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ቢቆምም፥ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ በክልላችን ሌላ ግጭት ተከተለ። ልጆቹም በሰርዲኑ ቆርቆሮ ላይ ከአገዳ የተቆረጠ መድፍ ተከሉበት።

የዚህ ጽሑፍ ምክንያትም ይኸው መድፍ ነው። የጦር ጨዋታ የሚጫወት ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ፥ ልከልክለውን ወይስ ልተወው እያለ ሲጨነቅ ስለምናይ፥ በራሳችን የደረሰውን ስሕተትና ከስሕተቱም በኋላ ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ ወደድን።

ረግጠን የሰበርነው መኪና

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከግቢው ጥግ በዛፍ ጥላ ሥር ስምንት ወይም ዘጠኝ የሚሆኑ ልጆች ተሰብስበው አገኘን። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 11 ዓመት ይሆናል። መኪናዎቻቸውን በሁለት ወገን አሰልፈው በጠጠር ይደባደባሉ። የጥይቱንም ድምፅ፥ የቁስለኛውንም ጩኸት በአፋቸው ያሰማሉ። ድምፁ ከልጅ አፍ የሚወጣ ቢሆንም ከእውነተኛው እጅግ የተቀራረበ ነበረና ሰውነታችን ተቆጣ። ሳናስብ ወደ መካከላቸው ገብተን፥ ትልቅ መድፍ የተተከለበትን መኪና በእግራችን ረግጠን ጨፈለቅነው።

የመኪናው ባለቤት አላለቀሰም። ጎንበስ ብሎ ከቆርቆሮው የተለያዩትን 4 ቆርኪዎች አንድ በአንድ ለቀመና በኪሱ ከተተ። እኛም የሠራነው ሥራ ትክክል እንደ ሆነ በመቍጠር፥ «መኪና መሥራትህ መልካም ነው፤ መድፉን ግን ለምን ተከልህበት?» ብለን ጠየቅነው።

ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፥ «መምህር፥ ያለ መሣሪያ ማን ያሳልፈዋል?» አለን።

የምንመልሰው አጣን። ልጁ ሌላውን ለመግደል ሳይሆን መኪናው በሰላም እንዲያልፍ መድፍ መትከሉን በዚያ ጊዜ አወቅን። በማግሥቱም 2 ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮና ጥቂት ሽቦ ይዘን ወደ ቤቱ ሄድን። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ቤቱ መሄዱ ያልተለመደ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሰው ገንዘብ የሰበረ ሰው ካሣ መክፈል እንደሚገባው በሰሌዳ ላይ ጽፈን ያስተማርን እኛው ነን።

እናቱ በአክብሮት ተቀብላ አስቀመጠችን። አባቱ በዚያ ሰዓት ቤት አልነበረም፤ ሩዝ ጭኖ በደብረ ታቦር መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ነው። እናቲቱ ቡናውን እየቀዳች እንዲህ አለችን፦ «መምህር፥ አባቱ ያመሸ ለታ መኪናዋን ከመደቡ ሥር አስገብቶ ነው የሚተኛው። አባዬ እስኪመጣ ትጠብቅልኝ ይላል። መድፉን እኔም አልወደድሁትም፤ ግን ምን ብዬ ልከልክለው?»

ቡናውን ጠጥተን ስንመለስ ይህ የእናቲቱ ጥያቄ አልለየንም። እኛስ በልጅነታችን ምን ሠርተን ነበር? በ1983 ዓ.ም. የካቲት ወር «ዘመቻ ቴዎድሮስ» በተባለው ውጊያ ጎንደርና ጎጃም ከደርግ ጦር እጅ ሲወጡ፥ እኛ በዚህ ልጅ ዕድሜ ሆነን በመንገዱ ዳር ታንክ አይተን፥ በማግሥቱ በጭቃ ታንክ ሠርተን ነበር። ማንም አልረገጠብንም። ማንም ደግሞ አጠገባችን ተቀምጦ ስለ ሠራነው ነገር አልጠየቀንም። ያየነውን ፍርሃት ከጭቃው ጋር ብቻችንን ስናቦካ ቆየን።

የአባቶቻችን የጦር ገበታ

የጦር ጨዋታ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በመሬት ላይ ጉድጓድ ተምሶ በጠጠር የሚጫወቱት ገበጣ፥ የባልንጀራን ጠጠር አስልቶ መማረክ አይደለምን? እኛም የአብነት ተማሪ ሳለን ከትምህርት በተረፈች ሰዓት ተጫውተነዋል። ከሁሉ ይልቅ ግን የጦርነትን መልክ የያዘው ሠንጠረዥ ነው።

ሠንጠረዥ ዛሬ በዓለም ላይ የታወቀው የቼዝ ጨዋታ ዘመድ ሲሆን፥ በአገራችን ነገሥታትና መኳንንት ዘንድ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጫወቱት የነበረ የራሱ ሕግ ያለው ጨዋታ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደ ነበር ይነገራል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት አይቶ ጽፏል። ገበታው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ፥ በላዩ በተሰፋ ጥብጣብ በ64 ቤት የተከፈለ ነው። ንጉሥ፥ ፈርዝ፥ ፊል፥ ፈረስ፥ ደርና መደቅ የተባሉት በላዩ ይሰለፋሉ።

ይህን ጨዋታ ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው ወረራ የሚባለው መክፈቻ ነው። በወረራው ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች የየራሳቸውን ሠራዊት በአንድ ጊዜ እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሳሉ። እጃቸው ይፋጠናል፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ምርኮ በያዘ ጊዜ ግን ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም በተራ ይሆናል። ደም ከፈሰሰ በኋላ እያንዳንዱ እርምጃ ይታሰብበት ማለት ይመስላል።

ሁለተኛው ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይባልም፤ ማለትም አሸነፍሁህ ተብሎ አይያዝም። አንድ ተከታይ ብቻ የቀረለትንም ንጉሥ ለመያዝ የእርምጃው ቍጥር የተወሰነ ነበር። ደግሞም በኀይለኛው በደር ወይም በፈረስ ከመያዝ ይልቅ፥ በደካማው በመደቅ ወይም በፊል መያዝ የበለጠ ያስመሰግን ነበር። ስለዚህ የባልንጀራውን ሠራዊት ሁሉ አንድ ሳያስቀር የፈጀ ሰው ድሉን በገዛ እጁ ያጠፋል። ማሸነፍ የሚፈልግ ከጠላቱ ወገን ጥቂት ማትረፍ ግድ ይሆንበታል።

አባቶቻችን በእውነተኛው ጦርነት ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጉ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ታሪካችን ይህን አይመሰክርም። ነገር ግን ቢያንስ በገበታቸው ላይ፥ ለጦርነት ወሰን ሊኖረው እንደሚገባ ያውቁ ነበር። ያንንም ወሰን በምክር ብቻ ሳይሆን በጨዋታው ሕግ ውስጥ አስገብተው ለእጃቸው አስተማሩት።

መድፍ ክብደት እንዳለው

ሌላም ያሰብነው ነገር አለ። ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ በሚያልፍበት በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የተባለ ስፍራ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ አውሮፓውያን የእጅ ጥበብ ሰዎችን አኑረው መድፍ አሠሩ። ከተሠሩትም ሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው ሲሆን፥ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አንሥተው በሠረገላ ላይ ሲያስጎትቱት፥ በሺህ የሚቈጠር ሰው ድንጋይ እየፈነቀለና ገደል እየቆረጠ መንገድ ይጠርግለት ነበር። መቅደላ ለመድረስም ወራት ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው በመቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው አለፈ። መድፉ ግን ዛሬም በአምባው ላይ ይታያል።

ይህን ታሪክ በክፍል ስንተርክ ልጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁት ስለ መድፉ ታላቅነት ነው። እኛ ግን ስለ ጎተቱት ሰዎች ማሰብ ጀመርን። እያንዳንዱ መድፍ በሌላ ነገር ምትክ የሚጫን ሸክም ነው። የልጁ የአገዳ መድፍ ግን ክብደት አልነበረውም፤ ጉዳቱም በዚህ ነው። ዋጋ የሌለው መሣሪያ፥ መሣሪያ ዋጋ እንደማይጠይቅ ያስተምራል።

በሌላው ዓለም ያለው

ይህን በምናስብበት ወራት በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ሊጠይቀን መጥቶ ነገሩን ብናጫውተው፥ በሌላው ዓለም ጐልማሶች ሳይቀሩ በትንንሽ መኪናዎች በጠረጴዛ ላይ የጦር ጨዋታ እንደሚጫወቱ ነገረን፤ ሥዕሉንም በስልኩ አሳየን። እኛም ከዚያ ወዲህ ያነበብነውን በአጭሩ እንገልጻለን።

በጠረጴዛ ላይ የሚደረገው የጦር ጨዋታ በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው በፕሩሲያ ነው። ፎን ራይስቪትስ የተባለ ሰው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1812 ሜዳና ኮረብታ የሚታይበት ገበታ ሠርቶ ለንጉሡ አቀረበ። ልጁም በ1824 ሕጉን አሻሽሎ አሳተመው። ተጫዋቾቹ የጦር መኰንኖች ነበሩ፤ በመካከላቸውም ዳኛ ይቀመጣል። ነገር ግን ይህ ጨዋታ ለእውነተኛው ጦርነት ማሠልጠኛ እንዲሆን የተዘጋጀ ነበር።

ከዚህ በተለየ መንገድ የሄደው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ነው። በ1913 «ትንንሽ ጦርነቶች» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ፥ በቤት ወለል ላይ በቆርቆሮ ወታደሮችና በመጫወቻ መድፍ የሚደረግ ጨዋታ ሕግ አወጣ። የእርሱ አሳብ፥ ይህን ጨዋታ የተጫወተ ሰው ታላቁ ጦርነት ምን ያህል የተምታታና አጥፊ ነገር እንደ ሆነ ይረዳል የሚል ነበር። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ጨዋታው ጦርነትን እንዳላስቀረ ከዚህ እናያለን፤ በጨዋታ ላይ ከሚገባው በላይ ተስፋ እንዳናደርግ ይህም ትምህርት ይሆነናል።

ትንንሾቹ የብረት መኪናዎች ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። በ1953 በእንግሊዝ አገር ማችቦክስ የተባሉት ወጡ። ስማቸው የክብሪት ሳጥን ማለት ነው፤ ከሠሪዎቹ አንዱ ለትምህርት ቤት ልጁ በክብሪት ሳጥን የሚገባ መጫወቻ ስለ ሠራላት እንዲህ እንደ ተባለ ይተረካል። በ1968 በአሜሪካ ሆት ዊልስ የተባሉት ተከተሉ። በ2017 ደግሞ ማይክ ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ እነዚህን መኪናዎች መጫወቻ ያደረገ «ጋዝላንድስ» የተባለ የጨዋታ ሕግ አሳተመ። ተጫዋቾቹ የመኪናውን አካል ይፈቱታል፤ የዛገ ብረት የሚመስል ቀለም ይቀቡታል፤ ሽቦ ወንፊት፥ የላስቲክ ቍራጭና ትንንሽ መድፍ ያጣብቁበታል። ይህን ሥዕል ባየን ጊዜ፥ የፎገራ ልጅ በሰርዲን ቆርቆሮ ከሚሠራው ጋር መመሳሰሉ እጅግ አስገረመን።

የጨዋታው ታሪክ ልቦለድና ጨካኝ ውድድር ያለበት ነውና ለልጆቻችን አንመርጠውም። ሕጉ ግን ማስተዋል አለበት። በፍጥነት የሚነዳ ሰው በአንድ ዙር ብዙ ጊዜ የመንቀሳቀስ ዕድል ያገኛል፤ ዳሩ ግን በችኰላው የአደጋ ምልክት ይከማችበታል፤ ምልክቱ 6 በሞላ ጊዜ መኪናው ከሾፌሩ ቍጥጥር ይወጣል። የመንገዱንም መለኪያ አንድ ጊዜ በእጁ የነካ ሰው ሌላ ልምረጥ ማለት አይችልም።

በፎገራ ሜዳ አምሳል የሠራነው ገበታ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጆቹን ሰበሰብንና አንድ አሮጌ የጣውላ በር በሁለት ዴስክ ላይ አጋደምን። በላዩም ዋልካ ለጥፈን የፎገራን ሜዳ በአምሳሉ ሠራነው። በምዕራብ ጣና፥ በደቡብ ጉማራ፥ በሰሜን ርብ፥ በምሥራቅ በድንጋይ የተሠራ የደብረ ታቦር ተራራ፥ በመካከል የወረታ መገንጠያ አለ። ወንዞቹንም በአመድ አመለከትናቸው። የጨዋታው ቀን እሑድ ከቅዳሴ መልስ፥ ምሳ ከተበላ በኋላ ሆነ። ሕጉንም ከልጆቹ ጋር ተመካክረን እንደሚከተለው አወጣን፤ በየቤታቸው ሊሞክሩት ለሚወዱ ወላጆችም እንዲያገለግል በዝርዝር እንጽፈዋለን።

1ኛ. ተጫዋቾች በሁለት ወገን ይሆናሉ፤ ለእያንዳንዱ ወገን 3 መኪና ይሰጠዋል። አንድ መኪና 10 ፍሬ ሩዝ ይጭናል። መድፍ የተተከለበት ግን የመድፉ ክብደት ይቈጠርበታልና 7 ፍሬ ብቻ ይጭናል።

2ኛ. መንገድ የሚለካው አንድ ስንዝር ርዝመት ባለው አገዳ ነው። ሾፌሩ በተራው 1፥ 2 ወይም 3 አገዳ መሄድ ይችላል። 2 የሄደ 1 ጠጠር፥ 3 የሄደ 2 ጠጠር በመኪናው ላይ ያኖራል። 1 አገዳ ብቻ የሄደ ካለው ጠጠር አንዱን ያነሣል። ጠጠሩ 6 የሞላበት መኪና ይገለበጥና 2 ተራ ያልፈዋል።

3ኛ. አገዳውን በገበታው ላይ ያኖረ ተጫዋች መልሶ አያነሣም።

4ኛ. መድፍ የሚተኰሰው በአንድ አገዳ ርቀት ውስጥ ብቻ ነው። ከ1 እስከ 6 ቍጥር ከተጻፈባቸው ዕጣዎች አንዱ ይወጣል፤ 5 ወይም 6 ከሆነ መትቷል፤ ሌላ ከሆነ ስቷል። የተመታ መኪና ከገበታው ይነሣል።

5ኛ. መኪና የመታ ተጫዋች ወደ ሌላ ነገር ከማለፉ በፊት፥ በመኪናው ላይ ምን ተጭኖ እንደ ነበረ በድምፅ ይናገራል። ሩዙም በመካከል ወዳለው ጣሳ ይገባል። የጣሳውን ሩዝ ማንም አይወስደውም።

6ኛ. አንድ መኪና ብቻ የቀረለት ወገን አይተኰስበትም።

7ኛ. በየ5 ዙሩ ዕጣ ይወጣል፤ 1 ከወጣ ክረምት ነውና ርብና ጉማራ ሞልተው ድልድዩ ለአንድ ዙር ይዘጋል።

8ኛ. አሸናፊ የሚሆነው ብዙ መኪና የሰበረ ሳይሆን ብዙ ሩዝ ከመገንጠያው ያደረሰ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱ ወገኖች ተነሥተው እጅ ይነሣሣሉ።

ስድስተኛው ሕግ ከሠንጠረዥ የተወሰደ መሆኑ ግልጽ ነው። ሕጉን ስናነብ፥ መኪናውን የሰበርንበት ልጅ አምስተኛው ላይ ሲደርስ እጁን አነሣና፥ «ሾፌሩም ይጠራ» አለ። ሌሎቹም ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ የመታ ሁሉ፥ «7 ፍሬ ሩዝና አንድ ሾፌር» እያለ ይናገራል።

የታየው ፍሬ

በመጀመሪያው እሑድ የታየው ጠብ ብቻ ነበር። አገዳው ተገፋ፥ አልተገፋም እያሉ ተጨቃጨቁ። ሁሉም በመኪናው ላይ መድፍ ተክሎ፥ ሁሉም 3 አገዳ እየሮጠ፥ ግማሹ ተገለበጠ። በሁለተኛው እሑድ የሆነው ግን ዛሬም ከዓይናችን አልጠፋም። ሁለቱ ወገኖች ከጫኑት 42 ፍሬ ውስጥ 28ቱ ወደ ጣሳው ገባ፤ የቀሩት ሁለት መኪናዎችም እስኪመሽ ድረስ ሲሸሻሹ ከመገንጠያው ሳይደርሱ ቀሩ። ልጆቹ፥ «መምህር፥ ማን አሸነፈ?» አሉን። «መገንጠያው ላይ ያለውን ቍጠሩ» አልናቸው። ቢቈጥሩ ምንም አልነበረም። ከመካከላቸው አንዱ ጣሳውን ነቅንቆ ድምፁን ሰማና ዝም አለ።

በሦስተኛው እሑድ ሁለት ልጆች ከአንዳንድ መኪና ላይ መድፉን ፈትተው 10 ፍሬ ሊጭኑ መጡ። እኛ ያዘዝነው ነገር አልነበረም። ሒሳብ ነው ያዘዛቸው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ የዚያ ልጅ አባት ከመንገድ ተመልሶ ጨዋታውን ሊያይ መጣ። በዝምታ ጥቂት ከተመለከተ በኋላ፥ ልጁ ከደብረ ታቦር ቁልቁለት ጭነት እንደ ያዘ በ3 አገዳ ሲወርድ ባየ ጊዜ መታገሥ አቃተው። «ኧረ ተው ልጄ! ጭነት ይዘህ በዚያ ቁልቁለት እንዲህ አትወርድም፤ ፍሬንህን ትጨርሳለህ» አለ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ ጠጠር አነሣና በመኪናው ላይ ጨመረበት። ስለዚህ በቁልቁለት የሚሮጥ ጭነት የያዘ መኪና አንድ ጠጠር ይጨመርበት የሚል 9ኛ ሕግ ወጣ። አባትየው እስኪመሽ አልሄደም። ልጁም በመንገድ ላይ ስላለው ነገር፥ የትኛው ድልድይ ጠባብ እንደ ሆነ፥ የት እንደሚያድር፥ ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ፥ በገበታው ላይ በጣቱ እያመለከተ ይጠይቀው ነበር። ለወራት በመደብ ሥር ተደብቆ የነበረው ጥያቄ በአባቱ ፊት ወጣ።

ከአንባቢዎቻችን መካከል፥ የጦር ጨዋታ ልጅን ለጦር ያለማምደዋል እንጂ ምን ይጠቅመዋል የሚል ሊኖር ይችላል። አነጋገሩ እውነት አለበት። ከገበያ የሚገዛው የፕላስቲክ ሽጉጥ ዋጋ የሌለው፥ ወሰን የሌለው፥ የተመታውን ስም የማያስጠራ ነውና እኛም አንደግፈውም። ደግሞም ደም ያየ፥ ዘመዱን ያጣ ልጅ በዚህ ጨዋታ ቢደነግጥ ፈጽሞ አይገደድ፤ ከመካከላችን አንዱ እንዲህ ሆኖ ስላየነው ወንዞቹን በአመድ የመሣል ሥራ ሰጠነው፥ በዚያም ደስ ብሎት ይውላል። ነገር ግን በቤቱ ደጃፍ የሚያልፈውን ያየ ልጅ፥ ከለከልነውም አልከለከልነውም በእጁ ይሠራዋል። ምርጫው ብቻውን በሥውር ይሥራው ወይስ በወላጆቹ ፊት ከሕግ ጋር ይሥራው የሚል ነው።

የልጁ ጸባይ ፈጽሞ ተለወጠ ብለን ለማስደሰት አንጽፍም። መድፉን በሽቦ አስሮ የሚፈታና የሚገጠም አድርጎ ሠርቶታል። አንዳንድ እሑድ ፈትቶ በኪሱ ይዞት ይመጣል፤ አንዳንድ እሑድ ደግሞ መልሶ ይገጥመዋል። አባቱ ሁለት ሌሊት በዘገየበት ሰሞን አልፈታውም። እኛም አልጠየቅነውም። የመኪናው አካል እኛ ከወሰድንለት ቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ጎማዎቹ ግን በዚያ ቀን ከመሬት የለቀማቸው 4 ቆርኪዎች ናቸው።

በቅርቡ የባልንጀራው የመጨረሻ መኪና በአንድ አገዳ ርቀት ፊት ለፊቱ ሆና ሳለ፥ ሊተኵስ ዕጣውን አነሣ፤ ስድስተኛው ሕግ ትዝ ሲለውም መልሶ አስቀመጠው። ቅር እያለው ወደ እኛ ተመለከተና፥ «መምህር፥ ይህን ሕግ ማን አወጣው?» አለን።

«የጥንት አባቶቻችን በሠንጠረዥ ላይ» አልነው።

«ታዲያ ትልልቆቹ አሁን ለምን አይጫወቱበትም?» አለ።

ይህን ጥያቄ ለእያንዳንዱ ቤት እናስተላልፋለን። እስከዚያው ድረስ ግን፥ የተወደዳችሁ ወላጆች ሆይ፥ ባዶውን ቆርቆሮ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ አጥፋችሁ ለልጆቻችሁ አስቀምጡላቸው፤ ከገበታው አጠገብም አንድ በርጩማ ለራሳችሁ አኑሩ።